ሣሩ እንኳን አልተነቃነቀም፣ ድሮኔ ግን አልመለስ አለች

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ድሮኔን ይዤ ወጣሁ። ከ250 ግራም በታች የምትመዝን ትንሽዬ ናት። ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ጥርት ብሎ ነው ያደረው። ሣሩ በጤዛ ርሶ ጫማዬን አበሰበሰው። ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ክብሪት ቢጫር ነበልባሉ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ዓይነት ጠዋት ነበር።

100 ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ወደ ፊት ለቀቅኳት። 600 ሜትር ለመሄድ አንድ ደቂቃ ብቻ ፈጀባት። እዚያ ሆና ጥቂት ቀረጽኩ። ባትሪው ግማሽ ላይ ሲደርስ ፊቷን ወደ እኔ አዞርኩ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜትር ነው። አንዳንዴ ዜሮ ይላል። አንድ ጊዜማ ጭራሽ ወደ ኋላ ስትንሸራተት አየኋት። ደንግጬ ወደ ቤት መመለሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። እሷ ደግሞ መምጣቷን ትታ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። ከድጡ ወደ ማጡ! በመጨረሻ ባትሪው ሲያልቅባት በራሷ ጊዜ ወረደች፤ 200 ሜትር ያህል ሲቀራት ሜዳ ላይ አረፈች። አንድ ፕሮፔለር ተሰበረ። ሌላ የሆነችው ነገር የለም።

አምራቹ በሰከንድ 10.7 ሜትር ድረስ ነፋስ ትቋቋማለች ይላል። ትንበያውንም አይቼ ነበር። ከ120 ሜትር በላይ አልወጣሁም። ሰው የሌለበት ቦታ ነው፣ ከአየር ማረፊያም ሩቅ ነው። ሕጉን አክብሬ፣ አምራቹን አምኜ፣ ትንበያ አይቼ እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? የሕጉ፣ የአምራቹ ወይስ የእኔ?

ምላሾቹ

ከላይ ያለውን መድረኩ ላይ ከጻፍኩ በኋላ ክሩ፣ ማለትም ከሥሩ የተከተለው ውይይት፣ 34 ምላሽ ደረሰ። ግማሹ ትምህርት ነው፣ ግማሹ ቁጣ፣ የቀረው ደግሞ ስለ ጭልፊት። ሁሉንም የማንበብ ትዕግሥት ለሌለው ሰው እንዲመች የተባለውን በራሴ ቃል ላስቀምጥ። እኔን የሰደቡኝንም አልዘለልኩም።

ምላሽ 1 በጨዋ ሰላምታ ጀመረ። ድሮኗ በመገኘቷ ደስ እንዳለው ገልጾ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። የመመለሻ ከፍታዋን ስንት ላይ ነው ያደረግኩት? 120 ሜትር ላይ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ራሴም በደንብ አላውቅም። የተፈቀደው ጣሪያ እሱ ስለሆነ መሰለኝ።

ምላሽ 2 ይህችን መልስ ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። ቁልፉ ሲነካ ድሮን ቀጥታ ወደ ባለቤቱ እንደማይመጣ አስረዳኝ። ራቅ ካለች መጀመሪያ የተሰጣት ከፍታ ድረስ ትወጣለች። ከዛፍና ከሕንፃ ጋር እንዳትጋጭ ታስቦ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ግን ይኸው ጥበቃ ወደባሰው ነፋስ ይከታታል። እሱ እንደሚለው ማድረግ የነበረብኝ ተቃራኒውን ነው። መመለሻውን ሰርዤ፣ በእጄ ወደ 30 ሜትር ዝቅ አድርጌ፣ ከዚያ ስፖርት ሞድ የሚሉትን ፈጣን አበራረር መጠቀም። የእኔን የመሰሉ ትንንሽ ድሮኖች በተለመደው ሞድ በሰከንድ 10 ሜትር አካባቢ ይገደባሉ። በስፖርት ሞድ ይበልጥ ጎንበስ ብለው እስከ 16 ሜትር ይደርሳሉ። ታዲያ በነፃ አይደለም። ባትሪ ይበላል፤ እንቅፋት የሚለየው ሴንሰርም ይጠፋል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ በስፖርት ሞድ የሚመጣ ሰው ዛፉን በራሱ ዓይን መጠበቅ አለበት።

ምላሽ 3 በዚህ ተስማምቶ የራሱን ገጠመኝ ጨመረ። ሐይቅ ዳር ቆሞ ሲያበር ነፋሱ ድሮኑን ወደ ውሃው መሐል ይዞበት ሄደ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ውሃው ላይ 15 ሜትር ድረስ ዝቅ አደረገው። ዝቅ ባለ ቁጥር ፍጥነቱ ሲጨምር አየ። ለመመለስ በቃ። ያን ቀን ያሰመጠው ላብ ከሐይቁ አይተናነስም ነበር ይላል።

እስከዚህ ሁሉም መልካም ነበር። ከዚያ ምላሽ 4 መጣ።

ሰውየው የቁጥር ሰው ነው። የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ነፋስን የሚለኩት ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሆነ አስታወሰ። ከዚያ በላይ ያለውን በግምት ለማስላት የታወቀ ቀመር አለ፤ 100 ሜትር ላይ ያለው ነፋስ 10 ሜትር ላይ ካለው በ1.4 ቢባዛ ነው። እኔ ነፋስ አልነበረም ብያለሁ። ለጨዋታ ያህል በሰከንድ 2 ሜትር ነበር ቢባል እንኳን ላይ ቤት 2.8 ቢሆን ነው። ያ ደግሞ ድሮን ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ወይ ኮምፓሷ ተበላሽቷል፣ ወይ እኔ ታሪክ እያሳመርኩ ነው። በጨዋ ቋንቋ ውሸታም ማለቱ ነው።

ምላሽ 5 የእኔ ነው። ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም። የበረራ መዝገቧን ከፍቼ ያየሁትን ጻፍኩ። ድሮኗ ራሷ የገመተችው ነፋስ በሰከንድ 9 ሜትር አካባቢ ነው። ለመመለስ ስትሞክር ያለ የሌለ ጉልበቷን ተጠቅማ ጎንበስ ብላለች። ኮምፓሷም አንድ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። ምላሽ 6 ወንበር ስቦ ለማየት እንደተቀመጠ ከማሳወቅ ውጪ ያለው ነገር የለም።

ምላሽ 7 ነው ክሩን የለወጠው። ሳስበው ከ34ቱ ውስጥ አንድ ብቻ አንብብ ብባል እሱን ነው የማነበው።

ሰውየው የ4ኛው ቀመር ስህተት እንዳልሆነ በመግለጽ ጀመረ። ችግሩ የተጠቀመበት ሰዓት ነው። ቀመሩ የሚሠራው አየሩ ላይና ታች በደንብ ሲደባለቅ ነው። ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት ግን መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቅና ትቀዘቅዛለች። የነካትን አየርም ታቀዘቅዘዋለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እታች ይተኛል። ሞቃቱ ከላዩ ይንሳፈፋል። በቀን የምናውቀው ነገር ተገለበጠ ማለት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ መቀዝቀዙ ቀርቶ ይሞቃል። ባለሙያዎቹ ኢንቨርዥን ይሉታል። የታችኛው አየር እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጥፎ ከላዩ ጋር አይደባለቅም። በቀን ነፋሱን የሚይዘው የመሬቱ ሻካራነት ነው፤ ዛፉ፣ ቤቱ፣ ጉብታው። ሌሊት ግን ያ ፍሬን ወደ ላይ መድረሱን ያቆማል። ስለዚህ ከብርድ ልብሱ በላይ ያለው አየር የሚይዘው አጥቶ ይሮጣል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ነው።

ከዚያ ጽሑፌን መልሶ አነበበልኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ እንዳደረ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጤዛ እንደነበር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጤዛ የሚወርደው መሬት በእንደዚያ ዓይነት ጸጥ ያለ ሌሊት ስትቀዘቅዝ ነው። ምልክቱ ጫማዬ ላይ ነበር፤ እኔ ግን የመልካም ጠዋት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ሌሎች ምልክቶችም ቆጠረ። ጭስ ትንሽ ወጥቶ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሲቀር፣ ጭጋግ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ብቻ ተኝቶ ሲታይ፣ ኢንቨርዥን አለ ማለት ነው። እሱ ራሱ ጎህ ሲቀድ ሲያበር መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ ያወጣውና እዚያው አናቱ ላይ ያቆመዋል። ድሮኑ ለመቆም ምን ያህል እንደሚያዘነብል ያያል። ብዙ ካዘነበለ ያወርደዋል፣ በቃ።

ምላሽ 8 የሚሆነውን ቀጣይ ክፍል ነገረን። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው ብርድ ልብሱ ይቀደዳል። ላይ ሲሮጥ የነበረው ነፋስ እየተቆራረጠ ወደ ታች ይመጣል። ረፋድ ላይ ከየት መጣ የማይባል ድንገተኛ ነፋስ የሚነሳው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ጸጥ ያለ ቀን ረፋዱንም ጸጥ ይላል ማለት አይደለም።

ምላሽ 9፣ ያው 4ኛው ሰውዬ ነው። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ግን ቀመሩ ለሌሊትና ለማለዳ እንደማይሆን አመነ። እኔም ከዚህ በላይ አልጠበቅኩም።

ምላሽ 10 ላይ አዲስ አባል ገባ። የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ከዚህ ነፋስ በላይ አታብሩ የሚል ሕግ አለ?

ምላሽ 11 ረጅም ነው። በሥራው ድሮን የሚያበር ሰው ነው የጻፈው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ክፍል 107 የሚባለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ የነፋስ ቁጥር የለም። ያሉት ቁጥሮች ሌላ ናቸው። ከመሬት 122 ሜትር፣ እነሱ 400 ጫማ የሚሉት፣ ነው ጣሪያው። ከመቆጣጠሪያው ቦታ ሲታይ ቢያንስ 4.8 ኪሎ ሜትር ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ከደመና በታች 152 ሜትር፣ ወደ ጎን ደግሞ 610 ሜትር መራቅ ግድ ነው። የነፋሱ ጉዳይ በአንድ አጭር ግዴታ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ አብራሪው ከመነሳቱ በፊት የአካባቢውን የአየር ሁኔታ መመዘን አለበት። ምን ያህል ነፋስ ብዙ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው፤ ተጠያቂውም እሱ። በአውሮፓ ኅብረትም ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ2020 የመጨረሻ ቀን ጀምሮ ሲሠራ ጣሪያው 120 ሜትር ሆነ እንጂ የነፋስ ቁጥር አልተጻፈበትም። እዚያ ግን አብራሪው የአምራቹን መመሪያና ገደብ እንዲያከብር ይገደዳል። ስለዚህ አምራቹ የጻፈው 10.7 ሜትር በጓሮ በር ሕግ ሆኖ ይገባል።

ምላሽ 12 አንድ እርማት አመጣ። ክፍል 107 የሚመለከተው በዋናነት ለሥራ የሚያበረውን ነው። በአሜሪካ ለመዝናኛ ብቻ የሚያበር ሰው የሚገዛበት ሌላ ድንጋጌ አለው፤ አጭር የደህንነት ፈተናም አለው። 11ኛውም እርማቱን በምስጋና ተቀበለ። በዚህ ክር ውስጥ ምስጋና የታየው እዚህ ጋ ብቻ ይመስለኛል።

ምላሽ 13 ሒሳብ የሚወድ ሌላ ሰው ነው። በአሜሪካው ደንብ ሙሉውን 122 ሜትር ለመውጣት የደመናው ሥር ቢያንስ 274 ሜትር ላይ መሆን እንዳለበት ደመረልን። የደመናውን ሥር ለመገመት ደግሞ ከሙቀቱ ላይ የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም ጤዛ መውረድ የሚጀምርበትን ሙቀት፣ ቀንሶ ልዩነቱን በ125 ሜትር ማባዛት ነው። ልዩነቱ 2 ዲግሪ ከሆነ 250 ሜትር ይመጣል፤ አይበቃም ማለት ነው። ልዩነቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ ደመናው ራሱ መሬት ላይ መጥቶ ጭጋግ ሆኗል። ምላሽ 14 ይህ የሚሠራው ከመሬት ሞቆ በሚወጣ አየር ለሚሠሩት ጥጥ ለሚመስሉት ደመናዎች እንጂ ከሌላ ቦታ ተገፍቶ ለመጣ ንጣፍ ደመና እንዳልሆነ አሳሰበ። ለዚያ የጣቢያውን ሪፖርት ማየት ይሻላል።

እዚህ ላይ ምላሽ 15 ወደ እኔ ተመለሰ። ትንበያ አይቻለሁ ማለቴ ሳይከነክነው አልቀረም። ምን ነበር የሚለው? የስንት ሜትር ከፍታ ነው? በምን መለኪያ?

ትንበያውን መልሼ ከፈትኩት። የ100 ሜትር ከፍታ ነፋስ 18 ይላል። እኔ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነበር የመሰለኝ። ያ በሰከንድ 5 ሜትር ነው፤ ቀላል። ጥግ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል ኖት ይላል፤ የመርከብና የአውሮፕላን ሰዎች የፍጥነት መለኪያ ነው። 18 ኖት በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ነው። በሰከንድ 9.3 ሜትር። ድሮኗ መዝገቧ ላይ የጻፈችው ራሱ! ትንበያው አንድ ነገር አልዋሸም። ምላሽ 16 ላይ ይህን ተናዘዝኩ።

ከዚያማ ሙድ የማይዝብኝ ጠፋ። ምላሽ 17 በሚቀጥለው ቅዳሜ ባትሪውንም በኪሎ እንድለካው መከረኝ። ይሁን፣ ይገባኛል።

ምላሽ 18 ግን ቀልዱን ትቶ ጠቃሚ ነገር አለ። በአየር ማረፊያ ሪፖርት፣ ሜታር በሚባለው፣ ነፋስ በብዙ አገር በኖት ነው የሚጻፈው፤ በሜትር በሰከንድ የሚጽፉም አሉ። አቅጣጫው ደግሞ ነፋሱ የሚመጣበት እንጂ የሚሄድበት አይደለም። 240 ዲግሪ ከተባለ ከደቡብ ምዕራብ ወደ እኛ ይመጣል ማለት ነው። ዋናው ፍጥነት አማካይ ነው። ድንገተኛው ነፋስ ለብቻው የሚጻፈው ከአማካዩ በ10 ኖት ወይም ከዚያ በላይ ሲበልጥ ነው። እንግዲህ 12 ኖት ብቻ ተጽፎ ቢታይ 20 የሚደርስ ድንገተኛ ነፋስ የለም ማለት አይደለም። የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። የእሱ ልማድ ከአምራቹ ቁጥር ሁለት ሦስተኛው ላይ ማቆም ነው፤ እሱንም ከድንገተኛው ጋር እንጂ ከአማካዩ ጋር አያወዳድርም። ለእኔ ድሮን በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ሕግ ሳይሆን የእሱ ልማድ ነው፤ እኔ ግን ወስጄዋለሁ።

ምላሽ 19 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ሰላምታም አልሰጠ። ሁሉም ስለ ነፋስ ሲያወራ ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም ብሎ ጀመረ። ከ250 ግራም የማትሞላ ድሮን 600 ሜትር ርቃ በዓይን ትታያለች ወይ? ሕጉን አክብሬያለሁ ያልኩትን መልሶ ወረወረብኝ። በአሜሪካም በአውሮፓም በተለመደው በረራ ድሮኑ ከአብራሪው ዓይን መራቅ የለበትም። በተለመደው የዓይን መነጽር ቢሆን ይቻላል፤ በስክሪን ወይም ሩቁን በሚያቀርብ ባይኖኩላር ግን አይቆጠርም። እኔ ያየሁት ስክሪኑን እንጂ ድሮኗን አይደለም። ጭራሽ ጥፋቱን በሕጉ ላይ ለማላከክ ክር መክፈቴ እንዳስገረመው ጨመረ።

ምላሽ 20 ለእኔ ተሟገተ። ሰው ተምሮ እንዲያበር እንጂ ተሸማቆ እንዲተው ማድረግ ለማንም እንደማይጠቅም፣ 19ኛውም አንድ ቀን ጀማሪ እንደነበር አሳሰበ። 21 የ19ኛው መልስ ነው፤ ማሸማቀቅና እውነት መናገር አንድ አይደሉም የሚል። 22 ሁለቱም በግል እንዲጨርሱት የለመነ ሰው ነው። ማንም አልሰማውም።

ምላሽ 23 ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፣ 19ኛው ልክ ነው። አላየኋትም ነበር። 200 ሜትር አካባቢ ስትደርስ ነጥብ ሆነች፣ ከዚያ በኋላ ከስክሪኑ ዓይኔን አላነሳሁም። አስላ ብትሉኝ ደግሞ የሚገርመው ይህ ነው። በዚያ ነፋስ፣ በሰከንድ 1 ሜትር፣ ከ600 ሜትር ለመመለስ 10 ደቂቃ ያስፈልጋል። ከ200 ሜትር ቢሆን ከሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ አይበልጥም። ባትሪው ይበቃኝ ነበር። በዓይን የማየት ደንብ ለአውሮፕላንና ለሰው ደህንነት ብቻ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ለካ ባላስበውም ከነፋሱም ይጠብቀኝ ነበር። ደግሞ ያዘነበለ ድሮን በዓይን ይታያል። ስክሪን ላይ ግን ካሜራው ራሱን ስለሚያስተካክል አድማሱ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ምንም የሆነ አይመስልም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። ምላሽ 24 ነፋስ ከመጠየቅ በፊት የፀሐይ ማዕበል መለኪያውን፣ ኬፒ የሚሉትን፣ መጠየቅ እንዳለብኝ መከረ። እሱ ኬፒ 4 ከሆነ ድሮኑን ከሣጥኑ አያወጣም። ምላሽ 25 ሳቀበት። በሳቅ ብቻ አላበቃም፣ ኮከብ ቆጠራ አደረገው። 24ኛው ደግሞ ጂፒኤሱ የጠፋበት ቀን እንደሚያለቅስ ተነበየለት። ሁለቱ እንዲህ ሲነታረኩ ምላሽ 26 ገብቶ መሐላቸው ቆመ። መለኪያው ከ0 እስከ 9 ነው፤ ማዕበል የሚባለው ከ5 ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 እስከ 9 ሲደርስ በአሜሪካ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች መስመራቸውን እስከ መሳት ደርሰው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ተረት አይደለም። ግን የዛሬ ድሮኖች ከአንድ በላይ የሳተላይት ሥርዓት ይቀበላሉ፤ 4 ላይ ቤት መቀመጥ መብዛቱ ነው። ከፀሐይ ማዕበል ይልቅ ኮምፓስ የሚያሳብደው ብረት ያለበት ኮንክሪት ላይ ወይም መኪና ላይ አስቀምጦ መነሳት ነው። ይህን ካለ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ።

27 እና 28 ስለ ጭልፊት ናቸው። አንዱ ወፍ ሲያጠቃ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ያድናል፤ ወፏ ከላይ ወደ ታች ስትወረወር እንጂ ቀጥ ብላ ስትወጣ እኩል አትፈጥንም ይላል። ሌላው ወፎቹ ባሉበት ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት ባናበርስ ብሎ ጠየቀ። ከርዕሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም፣ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው።

ምላሽ 29 ሌላ ተጠርጣሪ አመጣ፤ ብርድን። ማለዳ ላይ የሊቲየም ባትሪ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል። ሙሉ ነው የሚል ባትሪ ድንገት ጉልበት ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ መቶኛውም በአንዴ ቁልቁል ይሄዳል። የእኔም ድሮን ነፋሱን ስትታገል ያለቀባት በነፋሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። የእሱ መፍትሔ ባትሪውን እስኪነሳ ድረስ ከጃኬቱ ውስጥ ማቆየት ነው። ከዚያ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆመዋል፤ ባትሪው ሲሠራ ራሱን ያሞቃል። ከዜሮ በታች በሆነ ጭጋግ ውስጥ ግን በጭራሽ አያበርም፤ ፕሮፔለሩ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮፔለር ደግሞ ማንሳቱን ይተዋል።

ምላሽ 30 እርጥበት ያለው አየር ከባድ ስለሆነ ድሮን እንደሚጎትት ጻፈ። ምላሽ 31 ብዙዎች እንደሚሳሳቱበት በደግነት አረመው። የውሃ ተን ከደረቅ አየር ይቀላል። ስለዚህ እርጥበት አዘል አየር ስስ ነው፤ የሚይዘው ነገር ያንሳል። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን ሙቀትና የቦታው ከፍታ ናቸው። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከታችኛው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ፕሮፔለሩ ይበልጥ መሽከርከር አለበት፣ የበረራው ጊዜም ያጥራል። ምላሽ 32 ላይ 4ኛው ሰውዬ ብቅ አለ። ስስ አየር ድሮኑን ያነሰ ቢያነሳውም የሚገፋውም ያነሰ ነው ብሎ ተከራከረ። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ግን ሳስበው ቆየሁ። የግፊቱ ነገር እውነት ነው፤ ግን ክብደቷ አልቀነሰም። ለመንሳፈፍ ብቻ ተጨማሪ ጉልበት ካወጣች ነፋሱን ለመታገል የሚተርፋት ያንሳል።

ምላሽ 33 አጭር ነች። ይህ ሁሉ መከራ የታየበት ቪዲዮ እንዴት እንደወጣ ብቻ ነው የጠየቀችው።

ምላሽ 34 የእኔ ነው። ከመነሳቷ በፊት ሣሩ ላይ አስቀምጫት ነበር። ሌንሷ ላይ ጤዛ ወርዶባት ኖሯል። በስክሪኑ ሳየው የማለዳ ጭጋግ መስሎኝ ውበቱን እያደነቅኩ ነበር። የቀረጽኩት ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።